ትንሽ ሥራ የሚቀራት

እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከመኪና ማስታወቂያ ነው። ሰው ሲሰማኝ ይስቃል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ስገባ፣ ከእኔ በፊት አፓርትመንቱ ውስጥ የኖረው ሰው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ የመጽሔት ክምር ትቶ ሄዶ ነበር። ሁሉም የመኪና መጽሔቶች ናቸው፤ ሁሉም አሮጌ ናቸው። ጋሼ «አውጥተህ ጣል» አሉኝ። ከመጣሌ በፊት አንዱን ገለጥ አደረግኩና እዚያው ቁም ሣጥኑ በር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። የእናቴ ጎረቤት የነበሩ፣ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ሆነው የኖሩ፣ ኦክላንድ ደግሞ ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። ታክሲ ሲነዱም ክራቫታቸውን አይፈቱም። ቤቱን ተካፍለን ነበር የምንኖረው፤ እኔ ምግብ እሠራለሁ፣ እሳቸው አስተያየት ይሰጣሉ።

የመጽሔቶቹ የፊት ገጾች አልማረኩኝም። ቀለማቸው የሚያብለጨልጭ መኪኖችና አጠገባቸው ቆመው የሚስቁ፣ መኪናውን ግን አንድ ቀን እንኳ የነዱ የማይመስሉ ቆነጃጅት ናቸው። የእኔ ገጾች የኋላዎቹ ነበሩ፤ ተራው ሰው መኪናውን የሚሸጥባቸው። ፎቶው የጥፍር ያህል ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ድፍርስ ያለ። መኪናዋ በጭጋግ ውስጥ እንደቆመች ጥላ ትታያለች። ከኋላዋ የተሰጣ ልብስ ወይም አንድ ሰልችቶት የተቀመጠ ውሻ አለ።

የሚሸጡት መኪኖች ሆት ሮድ ይባላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራች መኪና ትወስዳለህ፤ ፓራፋንጎዋን ትነቅላለህ፤ ጣሪያዋን በመጋዝ ቆርጠህ ዝቅ ታደርጋለህ፤ ከዚያ ለሦስት መኪና የሚበቃ ሞተር ትጭንባታለህ። ይህን ለጋሼ ያስረዳሁ ቀን ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ቆይ፣ ደኅናውን ጣሪያ?»

«ደኅናውን ጣሪያ።»

«ተጋጭታ ነው?»

«ኧረ ምንም ሳትሆን።»

«እኛ አገር ሰው ዕድሜ ልኩን የሚታገለው ፓራፋንጎ እንዳይወልቅበት ነው» አሉ፤ «እነዚህ ጠግበው ነው።»

እኔ ግን በመኪኖቹ ሳይሆን በቋንቋው ነበር የተያዝኩት። ጥቂት ወራት ካነበብኩ በኋላ ሚስጥሩ ገባኝ። «ትንሽ ሥራ ይቀራታል» ማለት ሞተር የላትም ማለት ነው። «ዝገቷ ላይ ላዩን ነው» ከተባለ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጠህ በእግርህ መካከል አስፋልቱን ታያለህ። «ብዙ ተለዋጭ ዕቃ አብሮ ይሰጣል» የሚባለው መኪናዋ ገና ስላልተገጣጠመች ነው። «ዘጠና በመቶ አልቃለች» ሲሉህ የቀረው አሥሩ መንቀሳቀሷ ነው። «ከልቡ የማይገዛ አይደውል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ራሱ ከልቡ አይሸጥም። ከሁሉ የምወደው ግን «ሚስቴ ሽጥ ስላለችኝ ብቻ» የሚለው ነበር። በዚያ አንድ መስመር ውስጥ ሙሉ ቤተሰብ ይታየኛል፤ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ሶፋ ላይ እንደሚተኛ ጭምር።

የምማርበት የጎልማሶች ትምህርት ቤት መምህሯ ራሳችንን በጽሑፍ እንድናስተዋውቅ አዘዘችን። የክፍሉ ሰው ሁሉ «ስሜ እንዲህ ነው፣ የመጣሁት ከዚህ ነው» ብሎ ጻፈ። እኔ የማውቀውን እንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ «የስልሳዎቹ ሞዴል። ከውጭ የገባ። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ቦዲው ትንሽ ሥራ ይቀረዋል። በክረምት ለመነሣት ያስቸግራል። ከልብ የሆኑ ብቻ ይደውሉ።» መምህሯ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከኋላዬ የምትቀመጥ የወሎ ልጅ ግን ፍርጥም ብላ «አንተ፣ ሥራ ነው ሚስት የምትፈልገው?» አለችኝ። ለጊዜው ሁለቱንም አልኳት። አልሳቀችም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽፋኑ የተቀደደ መጽሔት ሳገላብጥ የሳን ሆሴ ስልክ ያለው ማስታወቂያ አየሁ። «ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የተቆረጠ፣ ዘጠና በመቶ ያለቀች። ሚስቴ ሽጥ ብላለች።» የምወዳቸው አረፍተ ነገሮች በአንድ ላይ! ልገዛ አልነበረም፤ ምኔን ይዤ? እንዲህ የሚጽፍ ሰው ድምፁ ምን እንደሚመስል ለመስማትና እንግሊዝኛዬን ለመሞከር ብቻ ደወልኩ።

ያነሳችው ሴት ናት።

«ስለ መኪናዋ ነበር የደወልኩት» አልኩ።

«ስለ የትኛዋ?»

«ጣሪያዋ ስለተቆረጠው።»

በር ስትዘጋ ተሰማኝ።

«የት አገኘኸው ማስታወቂያውን?»

«መጽሔት ላይ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ እንደሚጠነቀቅ ሰው «ዛሬ መምጣት ትችላለህ?» አለችኝና አድራሻውን ቶሎ ቶሎ ነገረችኝ።

ለጋሼ ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ጫማቸውን መወልወል ጀመሩ። «እመጣለሁ ብለህ ልትቀር ነው? በወላጆችህ ታሰድባለህ። እኔ እወስድሃለሁ፤ ግን እኔ ነኝ የማናግራቸው። ያንተ እንግሊዝኛ የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው ያስመስልሃል።» ሙሉ ልብስ ለበሱ። በታክሲያቸው ወደ ደቡብ ወረድን። የኒውአርክን መጋዘኖች እስክናልፍ ድረስ «ፍሪ ዌይ ላይ ያለ ፓራፋንጎ የሚነዳ ሰው ጭቃው የት የሚሄድ ይመስለዋል?» እያሉ ለብቻቸው ሲሟገቱ ነበር።

ሴትዮዋ ሣሩ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ስድሳ ዓመት ግድም ይሆናታል፤ በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን ሁሉንም ሰው እኩዬ አድርጎብኛል። ክራቫት ያሰሩትን ጋሼን ስታይ ከመንግሥት የተላኩ ሳይመስላት አልቀረም፤ ፊቷ በራ። እጃቸውን ይዛ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ወሰደችን።

«ሰዎች መኪናዋን ሊያዩ መጥተዋል!» ብላ ጮኸች።

ከመኪናዋ ሥር ሁለት እግሮች ተንቀሳቀሱ፤ ቀጥሎ ግራሶ የነካው ጺም ወጣ። ባልየው ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው ጋራዡን ይሞላል፤ ፊቱ ላይ ግን ጓዳ ገብቶ ስኳር ሲልስ የተያዘ ልጅ ድንጋጤ ነበር።

«ምን ሰዎች?»

መኪናዋ ጎማ የላትም፤ አራት ብረት ላይ ተሰቅላለች። ጣሪያዋ ከመቆረጡ የተነሣ ዓይኗን ጨፍና የተኛች ትመስላለች። በአንድ በኩል ቡናማ፣ በሌላው ግራጫ ናት። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሆስፒታል እንደሚጎበኝ ባለሥልጣን ዞሯት።

«ሞተሯስ?» አሉ።

ሚስትየው መልስ ሳትሰጥ ወደ ቤት አስገባችን። ሞተሩ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ ጨርቅ ለብሶ። ካምቢዮውም አጠገቡ አለ። «የምስጋና ቀን እንግዶቻችን እግራቸውን የሚያሳርፉት እሱ ላይ ነው» አለች። «አንዳንዶቹ የጠረጴዛው አካል ይመስላቸዋል።»

ባልየው ተከትሎን መጥቶ «ዘጠና በመቶ አልቃለች» አለ።

«ልጃችን ስትወለድም ዘጠና በመቶ ነበረች» አለች እሷ። «አሁን ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።»

ይሄኔ መጽሔቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። ሰውዬው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ዙሪያው ያሉትን ማስታወቂያዎችም አነበበ። ቀስ ብሎ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። የገዛ ጽሑፉ ነው፤ ሚስቱ እርጉዝ ሳለች በግድ ያስጻፈችው። እኔ ሃያ ዓመት ገደማ ዘግይቼ ነበር የደወልኩት።

«ማንም አልደወለም ብለኸኝ ነበር» አለች ሚስትየው።

ሰውዬው በእጁ የያዘውን የብሎን መፍቻ አገላብጦ ማየት ጀመረ።

«ደውለው ነበር እንዴ?»

«ጥቂት ሰዎች።»

«ጥቂት ስንት ነው?»

«ያኔ ስልክ ሲጮኽ እየሮጥኩ የማነሳው ለምን ይመስልሻል?» አለ፤ አንገቱን ሳያቀና። ለደወለው ሁሉ ተሸጣለች እያለ መልሷል። ዛሬ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ባይሆን ኖሮ እኔንም ይመልሰኝ ነበር።

እኔ በሩን እያየሁ ነው። ጋሼ ግን ኮታቸውን አውልቀው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉ። አዲስ አበባ ሳሉ የሰፈራችን ባልና ሚስት ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ሽምግልና ነበር፤ አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ግን አንድም ሰው ዳኙኝ ብሏቸው አያውቅም። ስልቻቸው ውስጥ የቀረውን እንግሊዝኛ ሁሉ አወጡ።

«ማዳም፣ ሰር፣ ከፈቀዱልኝ አንድ በአንድ እንነጋገር። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም።»

የሚገርመው፣ ተቀመጡ። እሷ ቀደመች። እሷ የምትነዳት መኪና ጋራዥ አጥታ ፀሐይ ላይ እየዋለች ቀለሟ ሁሉ ተልጧል፤ የራሷን የምግብ ጠረጴዛ እግሮች ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ልጅቷ ትንሽ ሳለች መኪና የሚሄድ ነገር መሆኑን ያወቀችው በጎረቤት ነው። ከዚያ እሱ። የሠራበት የፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ተዘግቷል። አካባቢው ሁሉ ኮምፒውተር ሆኗል፤ የሚፈታ ብሎን ያለው ነገር ጠፍቷል። «ብጨርሳትስ» አለ፣ «ቅዳሜ ምን እሠራለሁ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «የአከራያችን ጋራዥ ባዶ አይደል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በናትዎ እንሂድ።»

«ባዶ ነው ወይ አልኩህ።»

«ባዶ ነው።»

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። መኪናዋ የሰውዬው ናት፤ ጋራዡ የሚስትየው ነው። ስለዚህ መኪናዋ ኦክላንድ እኛ ዘንድ ትቀመጣለች፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይጠይቃታል። ስንገባ የሚሸጥ ነገር አይተን ልንመለስ ነበር፤ ስንወጣ ማደጎ ተቀብለናል። ሚስትየው ጋሼን አቅፋ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። እሳቸው እስከ ኦክላንድ ድረስ አንድ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ነዱ።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና የመጣች ዕለት፣ ጋሼ መንገዱ ላይ ቆመው «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ። በዚያ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያናቸው አንዲት እኅት በአውቶቡስ አለፈች። ያየችው ይህን ነው፤ ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ከጎናቸው ጣሪያዋ የተጨፈለቀ፣ ጎማዋ የሌለ፣ ሞተሯ የወለቀ መኪና። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጉባኤው በሙሉ ድስት ይዞ መጣ። «እንኳን ጌታ አተረፈዎት!» ይላል የገባው ሁሉ። አንድ ሽማግሌ ጋራዥ ወርደው ጣሪያዋን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ «እዚህ ድረስ ወርዶ ጭንቅላትዎ እንዴት ተረፈ?» አሉ። ጋሼ እኔን አዩኝ። እውነቱን መናገር ማለት፣ የቆረጣት በጤናው ያለ ሰው ነው፤ የቆረጣትም ለውበት ነው ብሎ ማስረዳት ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጌታ ይመስገን» አሉ። እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።

ሰውዬው ቅዳሜ አልበቃው ብሎ በዚያ እሑድም መጥቶ ነበር። ጫጫታውን ሲሰማ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ከመኪናዋ ሥር መውጣት ጀመረ። እግሩን ያየች አንዲት ሴት «ሌላ ሰው አለ! ውስጡ ሌላ ሰው አለ!» ብላ ጮኸች። ወንዶቹ ተረባርበው ጎትተው አወጡት። አስቀመጡት፤ ውኃ አጠጡት፤ እጃቸውን ጭነው በአማርኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩለት። እሱ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚያ ሳህን ሙሉ ዶሮ ወጥ ሰጡት።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች መኪና ወዳጆች ናቸው?» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«በጣም» አልኩት።

«ሳን ሆሴ ጎረቤቶቼ አንድ ቀን እንኳ መጥተው አይተዋት አያውቁም።»

ከዚያ በኋላ የመኪና ፍቅር ተላላፊ በሽታ መሆኑ ታየኝ። ጋሼ መጀመሪያ ጋራዥ የሚወርዱት ለሰውዬው ሻይ ለማድረስ ነበር። ቀጥሎ ባትሪ ለመያዝ። ከዚያ ክራቫታቸውን በሸሚዛቸው ቁልፎች መካከል ወሽቀው ላሜራ ሲሞርዱ አገኘኋቸው። አንድ ቀን ምግብ እየበላን ድንገት «እኔ የምልህ፣ ጣሪያዋ አሁንም ትንሽ ዝቅ ቢል አያምርባትም?» አሉኝ። ሹካዬን ያስቀመጥኩት በዚያ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

ሁለቱ ሰዎች የሚግባቡበት ቋንቋ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሰውዬው የጋሼን የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ተለማመደ፤ «ጉዳዩን አጥንቼ እመለስበታለሁ» ማለት ጀመረ። ጋሼ ደግሞ የማስታወቂያውን ቋንቋ ወደ አማርኛ አመጡት። «መኪናዋ እንዴት ናት?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ዘጠና በመቶ አልቃለች» ይላሉ፤ የምእመናኑ ግማሽ አሁንም የአደጋው ጥገና ይመስለዋል።

እኔ በዚህ መካከል ሥራ አገኘሁና ወደ ሳን ሆሴ ሄድኩ። መጽሔቶቹን በካርቶን ይዤ ነበር የሄድኩት። ሥራ ቦታ ያሉት ልጆች ያን ጊዜ መኪና የሚፈልጉት በኢንተርኔት ነበር። አንዱ ስክሪኑ ላይ ጠርቶ አሳየኝ፤ የመኪናው ሥር፣ ጎን፣ የወንበሩ ስፌት ሳይቀር በፎቶ ወጥቷል። የተጫረው ቦታ በቀስት ተጠቁሟል። «ምንም አይደብቁም» አለኝ በኩራት። ልክ ነው። ግን ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሸጥ፣ ሚስቱ ምን እንዳለች የሚገልጽ አንድ ቃል የለም። እንዲያ ያለ ሰው ጋ ደውዬ ምን እለዋለሁ? የድሮዎቹ ስለ መኪናቸው ይዋሹ ነበር፤ ስለ ራሳቸው ግን ሳያስቡት ሁሉንም ይናገሩ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ መኪናው እውነት ተናጋሪ፣ ሰውዬው ዲዳ ሆኗል።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ሸጡ። የገዛቸው ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ የኮምፒውተር ሰው ነው። ሳሎኑን ዞር ብሎም አላየው አሉ። ሚስትየው አስለቅቃ ያጸዳችውን ጋራዥ ሲያይ ግን ልቡ ቀጥ አለ፤ ኩባንያ የሚጀመረው እንደዚህ ያለ ጋራዥ ውስጥ ነው ብሎ ሳይከራከር ገዛ። ሚስትየው ለዓመታት የተጣላችበት ክፍል የቤቱ ውድ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ወደ ካስትሮ ቫሊ ሄደው ባለ ሁለት መኪና ጋራዥ ቤት ገቡ። የእሷ መኪና በግራ፣ ሆት ሮዷ በቀኝ። ድንበሩን ጋሼ ራሳቸው በነጭ ቀለም አሰመሩላቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር የሚሄዱት ጋሼ ሆኑ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። «ቶሎ ድረስ፣ ልትነሣ ነው።»

ስደርስ ሚስትየው የመንገዱ ዳር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ልጅቷም መጥታለች፤ አድጋ፣ ሥራ ይዛ፣ ካሜራ ይዛ። ሞተሩ ሲነሣ የጎረቤት ውሾች በሙሉ ጮኹ። ከጋራዡ ወጣች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልኳ ያስደነግጥ ነበር፤ ጥቁር፣ ዝቅ ያለች፣ የምታደባ። ሰውዬው መሪውን ይዟል። ጋሼ ከጎኑ ናቸው፤ ጣሪያው ስለማያስቀምጣቸው አንገታቸውን ወደ ሰውዬው ትከሻ ጣል አድርገዋል። ከሩቅ ሲታዩ የተጋቡ ይመስላሉ። መንገዱን ወርደው ዞሩ፤ ተመለሱ። በመጨረሻው ቤት በኩል አንድ ሰው ሣር ያጠጣ ስለነበር፣ ፓራፋንጎ የሌለው ጎማ ውኃውን በሙሉ አንሥቶ ጋሼ ላይ ደፋው። ሙሉ ልብሳቸው በጭቃ ተለቀለቀ። እሳቸው ግን በመስኮቱ እጃቸውን እያወዛወዙ ነበር። ሚስትየው አጨበጨበች፤ ልጅቷ አለቀሰች።

በቃ፣ አለቀች ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼን እንኳን ደስ አለዎት ልላቸው ካስትሮ ቫሊ ስደውል፣ ስልኩን ያነሳችው ሚስትየው ናት።

«ጋራዥ ናቸው» አለችኝ። «ሞተሩን አውርደውታል።»

«ለምን? ደኅና ትሄድ አልነበር?»

ሄዳ ጠራቻቸው። ጋሼ እያለከለኩ መጡ።

«ሳውንዱ ደስ አላለንም» አሉ። «ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ አይደለም። ምሳ ቀርቧል፣ ልዝጋ።»